ሶልደሩ አልይዝ ሲል፦ እርሳስ አልባ ብየዳ በባሕር ዳር የጥገና ጠረጴዛ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው የሙያ ዝግጅታችን ለጠጋኞች ነው። ስልክ፣ ሪሲቨር፣ ቴሌቪዥን፣ የሶላር መብራት ለምትጠግኑ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ለምትማሩ፣ ቤታችሁ ውስጥ የተበላሸ ሬዲዮ ፈታታችሁ ለምትሞክሩም ጭምር። ሶልደሪንግ አይረን አጠገባችሁ ካለ አቅርቡት። ገና ግን አትሰኩት፤ መጀመሪያ ቀዝቃዛ እንዳለ የምናየው ነገር አለ።

በየጥገና ቤቱ ደጋግሞ የሚሰማ ቅሬታ አለ፤ «ይሄ የአሁኑ ቦርድ ሶልደር አይዝም» የሚል። ሶልደሩ ይቀልጣል፣ ይድቦለቦላል፣ የአይረኑ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ፓዱን፣ ማለትም ዕቃው የሚበየድበትን የመዳብ መቀመጫ፣ ግን አይነካም። ወይም ተነቅሎ መውጣት ያለበት ዕቃ ደቂቃ ሙሉ ሙቀት ሲወርድበት ቆይቶ ንቅንቅ አይልም። ያን ጊዜ የአብዛኛው ሰው እጅ የሚሄደው ወደ ሙቀት ማስተካከያው ነው። 350 የነበረው 400 ይሆናል፣ ከዚያ 450፣ ከዚያ ማዞሪያው እስከሚቆምበት። እኔ ዛሬ የምከራከረው በዚህች ማዞሪያ ላይ ነው። እርሳስ አልባ ሶልደር ያለበት ቦርድ ሲበላሽ፣ ፓድ ሲነሳ፣ ፕላስቲክ ሲቀልጥ፣ ጎረቤት ያለው ቺፕ ሲሞት፣ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። ሙቀቱ በቂ ሆኖ ሳለ መገጣጠሚያው ጋ የሚደርስበት መንገድ ተዘግቷል፤ መንገዱን ሳይከፍቱ እሳት መጨመር ዙሪያውን ማቃጠል ነው።

ነገሩ ከየት መጣ የሚለውን ባጭሩ ላንሳ። ባሕር ዳር ለኤሌክትሪክ ሙያ እንግዳ አይደለችም። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ክፍሎች አንዱ የኤሌክትሪክ ቴክኖሎጂ ነበር። በዚያ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ ባሉት ረጅም ዓመታት፣ እዚህም በሌላውም ዓለም፣ ቦርድ የሚበየደው በቆርቆሮና በእርሳስ ቅይጥ ነበር። ዋነኛው ቅይጥ 63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ ነው። በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንዴ ይቀልጣል፣ በአንዴ ይረጋል፣ ሲረጋ ያብለጨልጫል። ቻይ ሶልደር ነው፤ የጠጋኙን ግድፈት ሸፍኖ ያሳልፋል።

ቀጥሎ የአውሮፓ ኅብረት እርሳስ የልጆችን አእምሮና የአዋቂን ጤና እንደሚጎዳ፣ የተጣለ ዕቃም አፈርና ውሃ እንደሚበክል አይቶ ሕግ አወጣ። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ሰኔ 24 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ሐምሌ 1 ቀን 2006። በሕጉ ውስጥ ለጊዜው ነፃ የተደረጉ ሥራዎች አሉ እንጂ፣ በአጠቃላይ በገበያው የሚሸጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በየትኛውም ክፍሉ ያለው እርሳስ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ለአውሮፓ አንድ፣ ለአፍሪካ ሌላ የማምረቻ መስመር መዘርጋት አላዋጣቸውም። ስለዚህ ሕጉ የወጣው ለሌላ አገር ቢሆንም፣ ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ከኪሳችሁ የምታወጡት ስልክ በእርሳስ አልባ ሶልደር የተበየደ ነው።

በብዛት የሚሠራበት ቅይጥ ሳክ 305 ይባላል፤ 96.5 በመቶ ቆርቆሮ፣ 3 በመቶ ብር፣ ግማሽ በመቶ መዳብ። ከ217 እስከ 220 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣል። ብር የሌለው፣ ዋጋው ቀለል ያለው ደግሞ 99.3 በመቶ ቆርቆሮ ሆኖ የቀረው መዳብ ነው፤ እሱ 227 ዲግሪ ይፈልጋል። ከድሮው ጋር ያለው ልዩነት 34 ወይም 44 ዲግሪ መሆኑ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ከላይ በኩል ያለውን ጣሪያ አስቡት፤ ቺፖች ለአጭር ጊዜ እንዲቋቋሙት ሆነው የሚሠሩት እስከ 245 ወይም 260 ዲግሪ ነው። ጣሪያውን 260 እንበል። በድሮው ሶልደር ከመቅለጫው እስከ ጣሪያው 77 ዲግሪ ያህል ሰፊ ሜዳ ነበራችሁ። በሳክ 305 የቀራችሁ 43 ዲግሪ ነው። ሜዳው ሲጠብ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው የሚያዞር ሰው የት እንደሚወድቅ ግልጽ ነው።

እጃችሁ ላይ ያለው ቦርድ የትኛው እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ? አንዳንዱ ቦርድ ላይ ፒ እና ቢ የሚሉ የላቲን ፊደላት በክብ ውስጥ ሆነው በመስመር ተሰርዘው ታገኛላችሁ፤ እርሳስ የለበትም ማለት ነው። አንዳንዱ ላይ ኢ የምትል ፊደል ከቁጥር ጋር ትታተማለች፤ ኢ1 ከሆነ የቆርቆሮ፣ የብርና የመዳብ ቅይጥ ነው። ምልክት ካጣችሁ፣ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራ ዕቃ ሁሉ እርሳስ አልባ ነው ብላችሁ ጀምሩ። በመልክ ብቻ አትፍረዱ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ያልተሰካውን አይረን አንሱትና ጫፉን በብርሃን እዩት። ጥቁር ነው? ሸካራ ነው? አንድ ጎኑ ተጎርዷል? በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ያውቃል?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሰው ያስፈግጋል፤ ያልሞረደ የለማ! ልማዱ ምክንያት ነበረው። የድሮ አይረን ጫፍ ድፍን መዳብ ነበር፤ ሲበላ ይሞረዳል፣ እንደገና ይሾላል። የዛሬው ጫፍ ግን ውስጡ መዳብ፣ ውጩ ስስ የብረት ልባስ ነው። መዳቡ ሙቀት ያመላልሳል፣ ብረቱ ደግሞ ሶልደሩ መዳቡን እንዳይበላው ይከላከላል። የቀለጠ ቆርቆሮ ብረትን ራሱ ቀስ በቀስ ያሟሟል፤ እርሳስ አልባ ሶልደር ከሞላ ጎደል ንጹሕ ቆርቆሮ ስለሆነና በበለጠ ሙቀት ስለሚሠራ ይህን ከድሮው በፈጠነ ሁኔታ ያደርገዋል። ልባሱን ራሳችሁ በሞረድ ካነሳችሁለትማ ሥራውን ጨረሳችሁለት። ጥቂት ቀን ያምራል፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ጉድጓድ ይወጣል፣ ከዚያ ይጣላል።

ጫፉ ላይ የሚታየው ጥቁር ነገር ኦክሳይድ ነው፣ ሙቀት አያሳልፍም። ማሽኑ 400 ብሎ ቢያሳይም መገጣጠሚያው ጋ የሚደርሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። እናቶቻችን ምጣድ ሲግል በጎመን ዘር ያስሱታል፤ ያልታሰሰ ምጣድ ላይ እሳት ቢጨምሩ እንጀራው ይያዛል እንጂ አይነሳም። የአይረን ጫፍም ማሰሻ አለው፤ ሶልደሩ ራሱ ነው። እንደሞቀ ወዲያው ትንሽ ሶልደር አቅምሱት፣ ጫፉ ዙሪያውን ብርማ ይልበስ። ከእያንዳንዱ ብየዳ በፊት ከተጠመዘዘ የነሐስ ሽቦ በተሠራ ማጽጃ ጥረጉት፤ ውሃ የጠገበ ስፖንጅ ጫፉን በድንገት ያቀዘቅዘዋል፣ በመኮማተርና በመለጠጥ ልባሱን ይሰነጥቀዋል። ስፖንጅ ብቻ ካላችሁ እርጥብ ይሁን፣ ውሃ ግን አይንጠብጠብበት። ሥራ ስትጨርሱ ጠርጋችሁ አታጥፉት። ሶልደር አልብሳችሁ አጥፉት፤ ሌሊቱን ኦክሳይድ የሚሆነው ያ ልባስ ይሁን፣ በማግሥቱ ይጠረጋል።

ቅርጹም ወሳኝ ነው። መርፌ መሳይ ሾጣጣ ጫፍ ጥሩ የሚመስለው ለዓይን ነው። ሙቀት የሚያልፈው በሚነካካው ስፋት ስለሆነ፣ ለአብዛኛው ሥራ እንደ ፓዱ ስፋት ያለ ጠፍጣፋ ጫፍ ይሻላል። በጠፍጣፋ ጫፍ 350 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ የሚፈጅ መገጣጠሚያ፣ በሾጣጣው 420 ላይም ይለግማል። ከ350 እስከ 380 ባለው ውስጥ አብዛኛው ሥራ ያልቃል፤ ከ400 በላይ የምትወጡ ከሆነ ግን ጫፉን፣ ፍላክሱን (ኦክሳይድ የሚያጸዳውን ሙጫ) ወይም የቦርዱን ንጽሕና መርምሩ።

ቀጥሎ ያለው ነገር በውጭ አገር መጻሕፍት ብዙ አይነሳም፣ እኛን ግን በየምሽቱ ያገኘናል። የሶኬቱ ቮልቴጅ ነው። ከተማችን ከጢስ ዓባይ ማመንጫ አፍንጫ ሥር ናት፤ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ሩቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ለአይረናችሁ የሚገባው ጎረቤት ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሰካበት ሰዓት በረጅም መስመር ጫፍ ላይ የቀረው ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው ተራ አይረን ኃይሉ የሚለካው በቮልቴጁ ስኩዌር ነው። በ220 ቮልት 60 ዋት የሚሰጥ አይረን መስመሩ ወደ 180 ሲወርድ ወደ 40 ዋት ይወርዳል። አንድ ሦስተኛው ኃይል ጠፋ ማለት ነው። ሌሊት ሰው ሲተኛና ቮልቴጁ ወደ 240 ሲወጣ ደግሞ 71 ዋት ይሆናል። ስለዚህ ቀን የተበየደው ያማረ ቦርድ፣ ምሽት ላይ በዚያው እጅ፣ በዚያው አይረን፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ይወጣል። ጠጋኙ ሶልደሩን ይረግማል። ጥርጣሬ ካላችሁ የሶኬቱን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለኩ፤ የመልቲሜትሩ ሽቦ የተላጠ ከሆነ ግን አትሞክሩት። የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው የሶልደሪንግ ጣቢያ መግዛት አቅም ካልፈቀደ፣ መፍትሔው ለአይረኑ የሚሆን ስታቢላይዘር፣ እሱም ካልሆነ ትልልቅ ብየዳዎችን ቀን መሥራት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን እመለሳለሁ ወዳልኳችሁ ወደ መልኩ ጉዳይ ልምጣ። በድሮው ሶልደር «ደብዛዛ ከሆነ ቀዝቃዛ ብየዳ ነው» ተብለን ነው ያደግነው። ያ ደንብ እርሳስ አልባ ላይ አይሠራም። ሳክ 305 ሲረጋ ብርና መዳቡ ከቆርቆሮው ጋር የየራሱን ጥቃቅን ክሪስታል ስለሚሠራ ፊቱ ሻካራና ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዴም ሲኮማተር የሚተወው ቀጭን መስመር ይታይበታል። ጤነኛ ነው። ሞዴል የሆነ የፋብሪካ ብየዳ ላይ ይህን መልክ አይቶ «ተበላሽቷል» ብሎ እንደገና የሚያቀልጥ ሰው ጤነኛውን ያሳምማል።

ታዲያ ምን እንይ? ጠርዙን። አጉሊ መነጽር ያዙና ሶልደሩ ከፓዱ ጋር የሚገናኝበትን ዳር ተከተሉ። ሶልደሩ ወደ ፓዱ እየሳሳ፣ ስልል ብሎ ካለቀ ይዟል። ዳሩ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ድቡልቡል ሆኖ ፓዱ ላይ ከተቀመጠ አልያዘም፤ የሚያብለጨልጭ ቢሆንም አልያዘም። እርሳስ አልባ ሶልደር በተፈጥሮው ብዙ አይስፋፋም፣ ስለዚህ የፓዱ ማዕዘን ትንሽ ሳይሸፈን ቢቀር አትደንግጡ። እግሩ በቀዳዳ የሚያልፍ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ቦርዱን ገልብጡ፤ ሶልደሩ ከቀዳዳው ቢያንስ ሦስት አራተኛውን ሞልቶ መውጣት አለበት። ከባድ ዕቃ ያለበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የሪሲቨር ወይም የራውተር ፓወር መሰኪያ ሥር፣ እግሩን የከበበ ጥቁር ቀለበት ካያችሁ ስንጥቅ ነው። በየጊዜው ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ፣ ሲሰካ ሲነቀል የመጣ ነው። እዚያ ላይ ከላይ ሶልደር መደረብ ለወር አይበቃም፤ አሮጌውን መጥጣችሁ አውጡ፣ እግሩን አጽዱ፣ በፍላክስ አዲስ አድርጉ።

አንድ ሥራ ከሥር መሠረቱ እንከተል፤ ሁሉም የሚያውቀውን፣ የስልክ ቻርጅ መሰኪያ መቀየር። መሰኪያውን ወደ ቦርዱ የሚይዙት ወፍራሞቹ የጎን እግሮች ከግራውንድ ጋር የተያያዙ ናቸው። ግራውንድ ማለት ቦርዱ ውስጥ በሙሉ የተዘረጋ የመዳብ ንጣፍ ነው። እናንተ እዚህ ስታሞቁ መዳቡ ሙቀቱን ወደ ቦርዱ ሌላ ጫፍ ይወስደዋል። ለዚህ ነው ቀጫጭኖቹ የዳታ እግሮች ቀልጠው ወፍራሞቹ ንቅንቅ የማይሉት። ብዙው ሰው ሆት ኤሩን፣ ማለትም የትኩስ አየር ማሞቂያውን፣ 480 ያደርገዋል። የአዲሱ መሰኪያ ፕላስቲክ ይኮማተራል፣ አጠገቡ ያለው ማይክሮፎን ይሞታል፣ ደንበኛው ስልኩ ቻርጅ እያደረገ «ድምፄ አይሰማም» ብሎ ይመለሳል።

ሌላው መንገድ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። ባትሪውን አውጡ፣ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ማይክሮፎኑንና ጎረቤቶቹን ሙቀት በሚችል ካፕተን ቴፕ ሸፍኑ። ቦርዱን በሙሉ ከታች ቀስ አድርጋችሁ አሙቁ፤ ማሞቂያ ሳህን ካላችሁ በሱ፣ ከሌላችሁ ሆት ኤሩን አርቃችሁ በሰፊ አፍ፣ ቦርዱ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ እስኪደርስ። እግሮቹ ላይ ፍላክስ ቀቡ። ወፍራሞቹ እግሮች ላይ በአይረን ትንሽ አዲስ ሶልደር ጨምሩ፤ አዲሱ ሶልደር ሲቀልጥ አሮጌውን ይነካካል፣ ሙቀት የሚያልፍበትን ስፋት ያበዛል። ከዚያ ሆት ኤሩን መካከለኛ አድርጋችሁ በመሰኪያው ዙሪያ አዙሩት። በፒንሴት አትጎትቱ! በጫፉ ጎኑን በጣም በለስላሳው ነካ አድርጉት። ሁሉም እግር ከቀለጠ መሰኪያው ይንሳፈፋል፣ ሲነካ ሸርተት ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያን ጊዜ ብቻ አንሱት። ፓድ የሚነሳው ሦስት እግር ቀልጦ አንዱ ሳይቀልጥ ሲጎተት ነው፤ የቀረው አንድ እግር ፓዱን ከነሥሩ ይዞት ይመጣል። ከተነሳባችሁም ዓለም አላለቀም፤ መስመሩን ተከትላችሁ፣ አረንጓዴውን ልባስ በጥንቃቄ ፍቃችሁ፣ በቀጭን ሽቦ ማሻገር ይቻላል።

ከወጣ በኋላ ፓዶቹ ላይ የቀረውን ከመዳብ ሽቦ በተጎነጎነ ዊክ መጥጡ፤ ዊኩንም ፍላክስ ቀቡት፣ ደረቅ ዊክ ሶልደር አይጠጣም። ሁለት እግሮች በሶልደር ከተያያዙባችሁም መድኃኒቱ ይኸው ነው። ፍላክስ ሲቃጠል ሶልደሩ ከአንዱ ወደ አንዱ ድልድይ ይሠራል፤ አዲስ ፍላክስ አድርጋችሁ በንጹሕ ጫፍ ብትጎትቱት ብዙ ጊዜ ራሱ ይለያያል።

ስለ ፓስታ አንድ ወጥመድ አለ። በትናንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው የሶልደር ፓስታ ላይ ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ፤ 138፣ 183 ወይም 217። መቅለጫው ነው። 138 የሚለው ቆርቆሮና ቢስመዝ ነው፤ ቶሎ ስለሚቀልጥ ይወደዳል። ሲረጋ ግን ተሰባሪ ነው፣ ስልክ ሲወድቅ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። የባሰው፣ እርሳስ ካለው አሮጌ ሶልደር ጋር ከተቀላቀለ ቆርቆሮ፣ እርሳስና ቢስመዝ አንድ ላይ ሆነው በ96 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ክፍል ሊፈጥሩ ይችላሉ። ፀሐይ ላይ የተተወ ዕቃ ወይም የሚግል ፓወር ሰርኪዩት ውስጥ ይህ ብየዳ ይለሰልሳል፣ ይላቀቃል። ዕቃ ለማውጣት ብላችሁ ዝቅተኛ ሶልደር ከጨመራችሁ፣ አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ሁሉንም በዊክ አውጡ። እርሳስ ያለውን 183 እርሳስ አልባ ቦርድ ላይ ለጥገና መጠቀም ይቻል እንደሆነ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ለትልልቅ እግሮች ይሠራል፣ ብዙ ቤትም ይሠራበታል። እኔ ግን የቦርዱን የራሱን ዓይነት እመርጣለሁ፤ በኋላ የሚከፍተው ሌላ ጠጋኝ ምን እንዳለበት አያውቅምና።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ክረምታችን። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ፣ ሐይቁም አጠገባችን፣ አየሩ እርጥበት የጠገበ ነው። ቦርድና ቺፕ ደረቅ ይመስላሉ እንጂ እርጥበት ይመጥጣሉ። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ ሳምንታት የሰነበተ ቦርድ ላይ በድንገት 350 ዲግሪ ትኩስ አየር ስትለቁበት ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ሲያጣ የቺፑን ሆድ ይነፋዋል ወይም የቦርዱን ንጣፎች ይለያያል። «ጧ» የሚል ትንሽ ድምፅ ሰምታችሁ ከሆነ ያ ነው። የእርሳስ አልባ ሥራ በበለጠ ሙቀት ስለሚሠራ ይህ ችግር በሱ ይብሳል። መፍትሔው ማድረቅ ነው። በባሕር ዳር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባትሪ፣ ስክሪንና ፕላስቲክ የሆነው ሁሉ ወጥቶ፣ ቦርዱ ብቻ በ100 እና በ110 ዲግሪ መካከል ለጥቂት ሰዓታት ቢቆይ እርጥበቱ ቀስ ብሎ ይወጣል። ምግብ በሚበስልበት ምድጃ ውስጥ ግን በፍጹም።

ጣና ውስጥ የወደቀ ስልክ ሌላ ታሪክ ነው። ከታንኳም ይውደቅ ከጀልባ፣ ባለቤቱ አውጥቶ «በራ ወይ?» ብሎ ይጫነዋል። የጣና ውሃ ጨዋማ ባይሆንም የሟሙ ማዕድናት አሉበት፤ ባትሪው ተገጥሞ እስካለ ድረስ ኤሌክትሪኩ መዳቡን እየበላ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። እርሳስ አልባ ሶልደር ዝገት ላይ አይይዝም፤ የድሮውም ቢሆን በደንብ አይይዝም። መጀመሪያ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ አጥቡት፣ አድርቁት፣ ፓዱ ቀይ መዳብ እስኪያሳይ ድረስ በጥንቃቄ አጽዱት፣ ከዚያ ፍላክስ፣ ከዚያ ሶልደር። በቤንዚን ወይም በቲነር የምታጥቡ አላችሁ፤ ከጎኑ 350 ዲግሪ የጋለ ብረት ተቀምጦ ቤንዚን መክፈት ቤት ማቃጠል ነው። አረቄም አይሆንም፤ ውሃ አለበት፣ ለሌላ ጉዳይ ይቀመጥ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ሞቶ የነበረ ስልክን ቺፑን በሆት ኤር ጋግሮ ማስነሳት ጥገና አይደለም። ሙቀቱ የተሰነጠቀውን ለጊዜው ያነካካዋል፤ ደንበኛው ገንዘብ ከፍሎ ይሄዳል፣ ስልኩ በሳምንቱ ይሞታል። ስንጥቁ ቺፑ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከውጭ ያለው ሶልደር ምንም አያገባውም። ቺፑ ተነስቶ፣ ጸድቶ፣ በአዲስ ሶልደር ካልተመለሰ ወይም ካልተቀየረ፣ ለደንበኛው «ይህ ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ፎቶዎችህን አውጣበት» ብሎ መንገር ይገባል።

ንጹሕ ቆርቆሮ ከጊዜ ብዛት ለዓይን በቀላሉ የማይታዩ ቀጫጭን ፀጉሮች እንደሚያበቅልና እነሱም ሁለት እግሮችን አገናኝተው ሾርት እንደሚፈጥሩም ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ትንሽ እርሳስ ይህን እድገት ይገታ ነበር። በሳተላይትና በጦር መሣሪያ ሥራ ላይ እርሳስ ያለው ሶልደር እስከ ዛሬ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለስልክና ለሪሲቨር ጠጋኝ የዕለት ጭንቀት አይደለም።

ስለ ጤና። እርሳስ በአይረን ሙቀት ወደ አየር የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነው፤ ወደ ሰውነታችን የሚገባው በእጃችን ነው። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን። የሶልደር ሽቦ የያዘ ጣት በውሃ ብቻ ተለቅልቆ እንጀራ ከቆረሰ እርሳሱ አብሮ ይቆረሳል። ሽቦውን በጥርሳችሁ የምትይዙ፣ እጃችሁ ሲሞላ፣ ተዉት። ሕፃን ልጅ የጥገና ጠረጴዛ ሥር አይጫወት። እርሳስ አልባው ሶልደርም ቢሆን ጭሱ ነፃ አይደለም፤ ጭሱ የሚመጣው ከፍላክሱ ሙጫ ነው፣ በየቀኑ የሚስበው ሰው አስም ሊይዘው ይችላል። ትንሽ ቬንቲሌተር ከፊታችሁ ጭሱን ወደ መስኮት እንዲገፋው አድርጉ። የቆየ ቦርድ መዳቡን ለማውጣት ማቃጠል ደግሞ ለራስም፣ ለሰፈርም፣ ጎርፉ ወደሚወርድበት ለጣናም መርዝ ነው።

ጊዜያችን እያለቀ ነው። እስከ ሳምንት የምትሠሩት አንድ ነገር ልስጣችሁ። የማይጠገን አሮጌ ቦርድ ፈልጉ፤ የሪሲቨር ቢሆን ይመረጣል፣ ወፍራም ግራውንድ ስላለው። ሙቀቱን 350 ላይ አድርጉና ማዞሪያውን አትንኩት። በሱ ሙቀት ብቻ፣ በጠፍጣፋ ጫፍ፣ በፍላክስና ከታች በማሞቅ፣ ፓዱ ሳይነሳ ፓወር መሰኪያውን አውጥታችሁ መልሳችሁ ግጠሙ። ከዚያ ቦርዱን ገልብጡና ሶልደሩ ቀዳዳውን ምን ያህል እንደሞላው በአጉሊ መነጽር እዩ። ሳምንት በዚሁ ሰዓት ቀዳዳው ለምን አልሞላ እንዳለ በስልክ ከምትጠይቁ አድማጮች ጋር እንነጋገራለን፤ ቦርዱን አጠገባችሁ አድርጋችሁ ጠብቁን። ከዚያ በፊት ግን እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)